ከረጢት ቁጥር አሥራ ሰባት

ዶክተር ናድጊር እስከ አገጫቸው ድረስ በአፈር ተውጠው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ነበር የተገኙት። አፋቸውም በአፈር ተሞልቷል።

ኢንስፔክተር ሱማንጋላ ባዲገር ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ጉድጓዱ አፋፍ ስትደርስ፣ ሠራተኞቹ የሟቹን ፊት በእጃቸው ጭረው ካወጡ በኋላ ከዚያ ወዲያ የሚነካ ጠፍቶ ቆመው ነበር። ካልኮፓ በሚባል መንደር የሚገኘው የከብት መኖና የአፈር ምርምር ጣቢያ ኃላፊውን አጥቷል። የሚያለቅስ ግን አልነበረም።

«ጉድጓድ ተንዶባቸው ነው ሊሉን ነበር፣ ማዳም» አለ ሃምሳ አለቃ ኢራና። ከእሷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረሱ ሥራውን የጨረሰ አስመስሎታል። «እኔ ግን ገና ሳይ ገባኝ። ማጅራታቸው ላይ የአካፋ ምት አለ። አካፋውም ይኸው፣ የከብት ጠባቂው የያላፓ ነው። ሰውየውን ጭኜ ልኬዋለሁ። እርስዎ ሻይዎን ጠጥተው ይመለሱ።»

«ያላፓ ነው ያለህ ማነው?»

«ሁሉም። ትናንት ሚስቱ አንድ እስር ሳር ከጣቢያው አውጥታ ለምታልባት ጎሿ ስትወስድ ተያዘች። ሟች ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ሳሩን በጭንቅላቷ አሸክመው ግቢውን ሦስት ጊዜ አዞሯት። ከዚያ ከሥራ አባረሯት። ባልየው ምን አለ መሰለዎት? ‹መሬት ትዋጥህ!›» ኢራና በአገጩ ወደ ጉድጓዱ አመለከተና ሳቀ። «ዋጠቻቸው።»

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ማሃንቴሽ ከኋላው ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ነጭ ልብሱ ላይ አንዲት የአፈር ጠብታ የለችም። «በአባቴ ጊዜ እነዚህ ሰዎች በሬ ፊት እንጂ ሰው ፊት ቀና ብለው አይቆሙም ነበር» አለ። «ነገ ዳኛ ፊት ይቅረብ፣ ወህኒ ይውረድ፣ አለቀ።»

ማለቁ እውነት ነበር። የታሰረ ሰው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ዳኛው የሚያየው የምት ምልክት፣ አካፋና እርግማን ነው። ያላፓን የመሰለ ሰው አንዴ ወህኒ ከወረደ ደግሞ ጠበቃ የሚያቆምለት፣ ፋይሉን የሚያስታውስለት አይኖርም። ሱማንጋላ ሰዓቷን አየች። እስከ ነገ አምስት ሰዓት ጊዜ አላት።

«ከአሁን በኋላ አፈሩን ማንም እንዳይነካ» አለችና ወደ ጉድጓዱ ወረደች።

አባቷ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ አፈር ሲናድ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ይሄ አልተናደም። አራቱም ግድግዳዎች በቢላ እንደተቆረጡ ቆመዋል። ሠራተኞቹ በጫሩት በኩል አስከሬኑን የሸፈነው አፈር ተገምሶ ይታያል። ከላይ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ የሳር ሥር ያለበት ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ከሱ በታች፣ ደረታቸው ላይ የተጫነው፣ ነጫጭ የኖራ ጠጠር የተሞላ ደብዛዛ አፈር ነው። በሁለቱ መሃል ያለው መስመር ቀጥ ያለ ነበር።

አስከሬኑን መጀመሪያ ያዩትን ሰው አስጠራች። የአፈር ተመራማሪዋ ዶክተር ሻንታላ አንጋዲ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ የሳሪያቸው ጫፍ አፈር የማይለየው ሴት።

«መቼ ደረሱ?»

«አራት ሰዓት ላይ። ከሁብሊ ከተማ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት። ናድጊር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከዚሁ ደውለው ‹ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነይና ጉድጓዱን ፎቶ አንሺ› አሉኝ። ስደርስ ጉድጓዱ ግማሹ ሞልቷል። ባርኔጣቸው ብቻ አፋፉ ላይ ነበር፤ ጮኼ ሠራተኞቹን ጠራሁ።»

«አፈሩ እንዴት የገባ ይመስልዎታል?»

ዶክተር አንጋዲ አጎንብሰው ወደ ውስጥ አዩ። «ስንቆፍር የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ የታቹን ኖራማ አፈር በሌላ በኩል ለየብቻ እንከምራለን። ግማሽ ያህሉ ለናሙና ተወስዷል፤ የቀሩት ሁለት ክምሮች ግን የሉም። ሰው መልሶታል።»

«እንደመጣለት?»

«እንደመጣለት ቢሆን ተደበላልቆ ያዩት ነበር።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «መጀመሪያ የታቹን፣ በመጨረሻ የላዩን ነው የመለሰው። ኖራማው አፈር ላይ ከቀረ ያ ቦታ ለዓመታት ሳር አያበቅልም። ስለዚህ በወጣበት ተራ ይመለሳል።»

«ሰው ገድሎ የሚጣደፍ ሰው እንዲህ አድርጎ ጉድጓድ ይሞላል? ማነው እንዲህ የሚሞላ?»

«እኔ» አሉ ዶክተር አንጋዲ።

ኢራና ጢሙን አሻሽቶ ወደ ሴትየዋ ጠጋ አለ። ሱማንጋላ በእጇ አቆመችው።

«ሌላስ?»

«ያስተማርኩት ሁሉ።»

«እዚህ ግቢ ካሉት?»

ሴትየዋ ወደ በረቱ ተመለከቱ። «ኒጃጉን። ሁለተኛ ዲግሪውን እኔ ጋ በአፈር ነው የሠራው። ከዚያ ለዶክትሬቱ ወደ ከብት መኖ ዞረና ናድጊር እጅ ወደቀ። ይሄንንም ጉድጓድ የቆፈረው እሱ ነው። ናድጊር ‹ዶክተር ከመባልህ በፊት መቆፈር ተማር› ብለውት።»

«ስድስት ዓመት ተማረ!» አለ ማሃንቴሽ ከላይ ሆኖ። «ትናንት መጽሔቱ መጥቶ ነበር። የስድስት ዓመቱን ሥራ ናድጊር በራሳቸው ስም ብቻ አሳተሙትና ሻይ ጋበዙን። ልጁም ጠጣ። ሁለት ብርጭቆ!»

«እርስዎስ ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤተ መቅደስ፣ ከወንድሞቼ ጋር። አካፋ ይዤ የማውቅ ይመስላል?»

እጆቹን ዘረጋላት። እንደ ሙሽራ እጅ ለስላሳ ነበሩ።

ኒጃጉን የነበረው በበረቱ ውስጥ ነው። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲናገር ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ወጣት። አጠገቡ ኬንቻ የሚባለው ቀይ በሬ የማሽላ አገዳ እያመነዠከ ቆሟል። በበሬው ግራ ጎን ላይ በቀዶ ጥገና የተከፈተ፣ መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው በጎማ ውታፍ ተደፍኗል።

«ይሄ እንስሳ አያመውም?» አለ ኢራና አፍንጫውን ይዞ።

«ለምዶታል» አለ ኒጃጉን። «በዚህ በኩል የተመዘነ መኖ በናይለን ከረጢት አድርገን ጨጓራው ውስጥ እናስገባለን። በየሰዓቱ አንድ አንድ እያወጣን ምን ያህል እንደተፈጨ እናያለን።»

«ዛሬ ጠዋት ሠርተሃል?»

«አዎ፣ ማዳም። የለውዝ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው፣ ነበር፤ ቶሎ ስለሚፈጭ ከበሬው መራቅ አይቻልም።» ደብተሩን ሰጣት። ጽሑፉ የተጣራ ነው። አምስት አምስት ግራም የያዙ አራት ከረጢቶች አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገቡ። ቁጥር አሥራ አራት በግማሽ ሰዓት ወጣ። አሥራ አምስት በአንድ፣ አሥራ ስድስት በሁለት ሰዓት። የመጨረሻው፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ በአራተኛው ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ።

«ስለዚህ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት እዚሁ ነበርክ።»

«ንቅንቅ አላልኩም።»

«ብቻህን?»

«ሁልጊዜ በሬውን የሚይዝልኝ ያላፓ ነው። ዛሬ አልመጣም።» መነጽሩን ጠረገ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይ ያመጣልኝ ነበር። እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም ነበር። ግን የሚስቱ ነገር... ሰው ሲዋረድ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል።»

ሱማንጋላ ስለ መጽሔቱ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት የእጅ ሰዓቱን አየና ብድግ አለ። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ነበር።

«አንዴ ይቅርታ፣ ውታፉ ያፈሳል መሰለኝ። ልየው።»

ውታፉ አላፈሰሰም። ኒጃጉን ግን ነቀለው፣ እስከ ክርኑ ድረስ እጁን ከተተ፣ ፈርስ የሚንጠባጠብበት ትንሽ ከረጢት በክር ጎትቶ አወጣና በረዶ ያለበት ማሰሮ ውስጥ ጣለው። ይህን ሁሉ የሠራው ጀርባውን ለነሱ ሰጥቶ ነው። ሱማንጋላ ግን ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ሄዳ ነበር። ከረጢቱ ላይ በቀለም የተጻፈውን ቁጥር አነበበች። ከዚያ ማሰሮውን ከእጁ ተቀበለችው።

«ይሄ እኔ ጋ ይቆይ።»

«ይበላሻል፣ ማዳም!» አለ። ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ ከፍ ያለው አሁን ነው። «ታጥቦ ካልደረቀ ይበላሻል!»

«እናጥበዋለን።»

ዶክተር አንጋዲ ፖሊስ አጠገባቸው ቆሞ ከረጢቱን አጠቡና የቤተ ሙከራው ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ አስገቡት። ሱማንጋላ በሩን በፖሊስ ማኅተም አሸገችው። የአውቶቡሱን ረዳትም በስልክ አገኘችው። «ሳሪያቸው አፈር ያለበት ሴትዮ? አዎ፣ ስለ ወንበሩ ስንጨቃጨቅ ነው የመጣነው» አላት።

ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል ተደወለ። የናድጊር የራስ ቅል አልተሰበረም። ምቱ ራሳቸውን አስቷቸዋል እንጂ አልገደላቸውም። አፈሩ የተገኘው ጉሮሯቸው ውስጥ፣ ከዚያም ዘልቆ ነው። ሲቀበሩ ይተነፍሱ ነበር።

ያላፓን ልታናግር ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ ኢራና ወረቀት ይዞ ተቀበላት። «አመነ!» አላት።

ያላፓ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል።

«ይሄ ምንድነው?»

«በር ነው፣ ማዳም» አለ ኢራና። «እጁን በር ላይ አኑሮ ረስቶት።»

ኢራናን አስወጣችና ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ያላፓ አና፣ ዛሬ ጠዋት የት እንደነበሩ ይንገሩኝ።»

ሰውየው ቀና አለ። በዚያ ወረዳ ፖሊስ በዘሩ ተንቆ ለሚገለል የማዳር ሰፈር ሰው «አና» ብሎ፣ ታላቅ ወንድሜ ብሎ አያውቅም። ይህም የማታለያ ዘዴ መስሎት ፊቷን መረመረ፤ ከዚያ እሱም «አካ»፣ ታላቅ እህቴ፣ አላት።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በረት ገባሁ፣ አካ። ማንም የለም። ኬንቻ ብቻውን ቆሟል፤ ክርም ከረጢትም የለም። አገዳ ሰጠሁትና ሳር ላጭድ ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ልጁ በሬው ጋ ነበር፤ ፀጉሩ እርጥብ ነው። ‹አና፣ ዛሬ አርፍደሃል› አለኝ። አላረፈድኩም።»

«አካፋዎስ?»

«ሁልጊዜ በረቱ በር ላይ ነው። ለሁሉም።» ቀና ብሎ አያት። «እርግማኑን ብያለሁ። እሱን አልክድም። ግን እርግማን እጅ የለውም፣ አካ።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በቤተ ሙከራው ተሰበሰቡ። የያላፓ ሚስት ዱርጋቫ በባዶ እግሯ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«አንቺ ውጪ!» አለ ማሃንቴሽ። «ጫማሽንስ የት ጥለሽ ነው?»

«እሷ ትቁም» አለች ሱማንጋላ። «እርስዎ ይቀመጡ።»

ከዚያ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ጀመረች።

«ዶክተር ናድጊር አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ በሕይወት ነበሩ፤ ስልክ ደውለዋል። ገዳዩ ከዚያ በኋላ በአካፋ መታቸውና ጉድጓዱን ሞላ። ሲሞላ የታቹን አፈር መጀመሪያ፣ የላዩን በመጨረሻ መለሰ። ያላፓ አፈር የሚያውቀው በአካፋ ዛቢያ ነው፤ ቢሞላ ቅርቡ ያገኘውን ይወረውር ነበር። አቶ ማሃንቴሽ አካፋ አልያዙም፤ እጃቸውን አይቼዋለሁ። እንዲህ የሚሞሉ እዚህ ግቢ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ነበሩ።»

ሁሉም ወደ ኒጃጉን ዞሩ። እሱ መሬቱን እያየ ነበር።

«እኔ በረት ነበርኩ» አለ። «ደብተሩ ይናገራል።»

«ይናገራል። ቁጥር አሥራ ሰባት አራት ሰዓት ላይ ወጣ ይላል። እኔ ግን ቁጥር አሥራ ሰባት ከኬንቻ ሆድ ሲወጣ ያየሁት አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው።»

«ረስቼው ነው!» አለ ቶሎ ብሎ። «አራት ሰዓት ላይ አስከሬን ተገኘ፣ ሁሉም ይጮሃል። ደብተሩን ቀድሜ ሞልቼው ነበር፣ ከረጢቱ ግን ውስጥ ቀረ። ይህ ስህተት ነው፣ ወንጀል አይደለም።»

«ልክ ነህ። እንደዚያ ከሆነ ከረጢቱ በሬው ውስጥ ስድስት ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የወጣው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካልገባ ግን፣ አንተ እጅህን ታጥበህ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ አስገብተኸው ከሆነ፣ ልክ አራት ሰዓት ነው የቆየው።» ወደ አንጋዲ ዞረች። «ዶክተር፣ ከአምስት ግራም የለውዝ ፋጉሎ ስንት ይቀራል?»

ዶክተር አንጋዲ የኒጃጉንን አሮጌ ደብተሮች ገልጠው ይዘዋል። «በአራት ሰዓት ሁለት ግራም ገደማ። በስድስት ሰዓት ከአንድ ግራም ብዙም አይበልጥም። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ከዚህ አልራቀም።» ገጹን ገልብጠው «ጥሩ ሥራ ነው» አሉ።

የምድጃው ማኅተም ተቆረጠ። አንጋዲ የደረቀውን ከረጢት ሚዛኑ ላይ አኖሩ፤ የባዶውን ከረጢት ክብደት ቀነሱ። ቁጥሩ ጥቂት ተንቀጥቅጦ ቆመ።

«ሁለት ግራም ሊሞላ ትንሽ የቀረው» አሉ። «አራት ሰዓት ነው የቆየው።»

«ብትተወው ኖሮ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም» አለች ሱማንጋላ። «ክሩን ለቅቀህ እዚያው ሆዱ ውስጥ ብታስቀረው፣ ወይም ብታቃጥለው። ያላፓ ‹አልነበረም› ሲል አንተ ‹ነበርኩ› ትላለህ። ማንን እናምን ነበር? አንተን። ግን ሰዓቱ ሲደርስ ልኬቱ እንዳይበላሽብህ ፖሊስ ፊት ተነስተህ ሄድክ።»

ኒጃጉን ሚዛኑን ያይ ነበር። ሲናገር ለማንም የሚናገር አይመስልም ነበር።

«መጽሔቱን ጉድጓዱ ድረስ ይዤ ሄድኩ። ‹ስሜን የት አደረጉት?› አልኳቸው። አላዩኝም፤ ግድግዳውን እየለኩ ነበር። ‹ይሄ ጠማማ ነው፣ እዚያ ጋ ሌላ ቆፍር፤ አንተ እጅህ የገበሬ ነው፣ ለሱ ነው የተፈጠረው› አሉኝ።» መነጽሩን አወለቀ። «አንዴ ነው የመታኋቸው። ሞተዋል ብዬ ነበር። ግማሽ ላይ ስደርስ ሲያቃስቱ ሰማሁ።»

«ሰማህና?»

«የታቹ አፈር ገና አላለቀም ነበር» አለ።

ዶክተር አንጋዲ ደብተሮቹን በዝግታ ዘጉ።

ኢራና ካቴናውን አወጣ። «ያላፓስ?» አለው እግረ መንገዱን። «ሻይ ያመጣልህ የነበረው?»

ኒጃጉን ጥያቄው ያልገባው ይመስል ነበር። «እሱማ ከብት ጠባቂ ነው» አለ።

ሱማንጋላ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ዱርጋቫ ከደጅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ኢራና ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አንደኛው የመፍቻ ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው፣ የሚፈታ ሰው ሁሉ የሚፈርምበት፣ «በቆይታዬ አልተመታሁም፣ ጉዳት አልደረሰብኝም» ይላል።

«ይሄንን አይፈርምም» አለች ሱማንጋላ። «የእጁን ጉዳት እኔ እጽፋለሁ። ያደረሰውንም ሰው ስም።»

«ይጻፉ፣ ማዳም።» ኢራና አልተቆጣም፤ እንዲያውም ፈገግ አለ። «ያን ጊዜ ፋይሉ አይዘጋም። ካልተዘጋ ሰውየው ከነፋይሉ ዳኛ ጋ ይሄዳል። ዳኛው ደግሞ መጀመሪያ የሚያነበው ያመነበትን ቃል ነው። እስኪጣራ ወህኒ ነው የሚከርመው። እርስዎ ያውቁታል።»

ታውቀዋለች። ወደ ያላፓ ዞረች። «አና፣ ምርጫው የእርስዎ ነው። ከጻፍኩት ይህ ሰው ይጠየቃል። እርስዎ ግን ዛሬ ቤትዎ አይገቡም።»

«ስንት ቀን ነው?»

«አላውቅም። ወር ሊሆን ይችላል። ሊበልጥም ይችላል።»

ያላፓ ኢራናን አላየውም። በመስኮቱ በኩል ወደ ደጅ አየ። «ልጁ ነው ያደረገው?» አለ።

«እሱ ነው።»

«እኔ ላይ ያሳበበውም እሱ ነው?»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ አልጠየቀም። ቀኝ እጁን አየውና ተወው፤ ግራውን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋ። በግራ እጁ ስላልለመደ አውራ ጣቱ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ሳተው።

«አካ፣ ያዙልኝ» አላት።

ሱማንጋላ ጣቱን ያዘች። ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ሁለተኛው ወረቀት ላይ ጫነችው። ኢራና ወረቀቱን አንስቶ እስኪደርቅ እፍ አለበት።